መሀል ላይ ማን ይቀመጣል?

የቴሌቪዥን ታሪክ በአጭሩ የሆድ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ወደ ውጭ አበጠ። ቀጥሎ ተስተካከለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። አሁን ደግሞ እንደገና ቀጥ ብሏል። ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እስቲ ትንሽ ታገሱን።

ያ ባለ ወፍራም ጀርባው ቴሌቪዥን ፊቱ ወደ ውጭ የወጣው ለጌጥ አልነበረም። የመስታወቱ ውስጥ አየር አልባ ነው፤ የውጭው አየር ከየአቅጣጫው ይጫነዋል። እንደ እንቁላል የጎበጠ መስታወት ደግሞ ከዝርግ መስታወት ይልቅ ጫና ይችላል። ስለዚህ አበጠ። ኋላ ላይ ፊቱን መዘርጋት ሲቻል ነገሩ ትልቅ ወሬ ሆነ፤ ሶኒ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ ነው፤ ከዚህ በኋላም "የእኛው" ካላልን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) "ዌጋ" የሚላቸውን ቴሌቪዥኖች ሲሸጥ የሚኮራው በዝርግነታቸው ነበር። ከዚያ ፕላዝማና ኤልሲዲ መጡና ጀርባውም ቀጠነ።

እኛ አገር ይሄ ቀጭን ዘር ሲገባ ስሙ "ፍላት" ሆነ። ልብ በሉ፤ በእኛ አፍ "ፍላት" ማለት ጀርባው ያልወፈረ ማለት እንጂ ፊቱ ዝርግ የሆነ ማለት አይደለም። ስለዚህ ወደ ውስጥ የጎበጠውን ቴሌቪዥን ፍለጋ መርካቶ የሄድን ቀን አንድ ነጋዴ ዓይናችን እያየ "ይሄ ከርቭ ፍላት ነው!" አለን። ጎባጣ ዝርግ! ቅኔ ይሆናል ብለን አለፍነው።

ጎባጣው መጀመሪያ ጉድ የተባለለት በጃንዋሪ 2013 ላስ ቬጋስ በተደረገው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ነው። ሳምሰንግና ኤልጂ፣ ሁለቱ የኮሪያ ባላንጣዎች፣ በአንድ ሰሞን ጎባጣ ኦሌድ ይዘው ቀረቡ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ሲወጡ የኤልጂው ባለ 55 ኢንች ወደ 15 ሺህ ዶላር፣ የሳምሰንጉ ደግሞ ወደ 9 ሺህ ዶላር ተጠየቀባቸው። በዓመቱ ጎባጣ ኤልሲዲ መጣ፣ ዋጋው ወረደ፣ እና ነገሩ ወደ ሰው ቤት መግባት ጀመረ። ወደ ዱባይ ሳሎኖችም ጭምር። የእኛ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

እኛ ስንል ሦስት ነን። ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ ሁላችንም እስከዛሬ ከእናታችን ቤት ያልወጣን (የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ የምታውቁ አትስቁብንም)። አራተኛዋ ታላቃችን ዱባይ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። የሳሎናችን ቴሌቪዥን ከወራት በፊት ግማሽ ፊቱ ጠቁሮ ዜና አንባቢዎቹን ባለ አንድ ዓይን ሲያደርጋቸው ገንዘብ እናዋጣ አልን። እኛ ሦስታችን ተደማምረን ካወጣነው ይልቅ እሷ ብቻዋን የላከችው በለጠ። አብሮ የመጣው መልእክት አጭር ነበር፤ "65 ኢንች፣ ከርቭ ይሁን። ሌላ ነገር እንዳትገዙ።"

ዛሬ ላይ አዲስ ጎባጣ ቴሌቪዥን መፈለግ ብርቅ ዕቃ መፈለግ ነው። ኤልጂ ከ2017 ጀምሮ ኦሌዶቹን ሁሉ ዝርግ አድርጓቸዋል። ሳምሰንግ ገፋ አድርጎ ቢቆይም በ2020 ካወጣው ቲዩ8300 ከሚባለው ወዲህ መደርደሪያው ላይ ጎባጣ ማየት እየቀረ ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይሞትም። ሰው ከውጭ ይመጣል፣ ሰው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ቤት ይፈርሳል፣ ዕቃ ይሸጣል። መርካቶና መገናኛ ስንዞር "ስላይትሊ ዩዝድ" የሚባሉ ጎባጣዎች አገኘን። ከነዚህ አንዱ፣ ባለ 65 ኢንች ያገለገለ ጎባጣ፣ ዋጋው ከአንድ አዲስ ባለ 55 ኢንች ዝርግ ጋር እኩል ነበር። ምርጫው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ትልቅ፣ ቆንጆና ያገለገለ ጎባጣ፣ ወይስ አነስ ያለ አዲስ ዝርግ?

ነጋዴው በበኩሉ ጥርጣሬ የለበትም። "አለቃዬ፣ ከርቭ እኮ ሲኒማ ነው! መሀል ላይ ቁጭ ብለህ ስታየው ይከብሃል!" አለን። ቃሉን ያዝንለት። መሀል ላይ ቁጭ ብለህ።

ቤት ገብተን ሜትር አወጣን። (ኢንተርኔት ላይ ጎባጣ ይሻላል፣ ዝርግ ይሻላል እያለ የሚፋለመው ሰው ግማሹ ሜትር ቢይዝ ጠቡ ይቀንስ ነበር።) ሳምሰንግ በ2014 ያወጣቸው ጎባጣዎች ስክሪናቸው የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ነው፤ የክቡ ሬዲየስ 4.2 ሜትር። ማለት፣ ከስክሪኑ 4.2 ሜትር ርቆ ልክ መሀል ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከመሀሉም ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይርቃል። ሐሳቡ ያምራል። ዓይን ከመሀል ወደ ጫፍ ሲሄድ አይደክምም፣ ሥዕሉም ተመልካቹን ያቅፈዋል ነው ክርክሩ።

የእኛ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ እስከ ባለ ሦስቱ ሶፋ 2.7 ሜትር ነው። 4.2 ሜትር እንርቃለን ካልን የምንቀመጠው ጎረቤት ቤት ነው። የ65 ኢንች ወርዱ 1 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ2.7 ሜትር ርቀት ዝርግ ስክሪን ብናስቀምጥ ጫፉ ከመሀሉ ይልቅ ከዓይናችን የሚርቀው 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጎባጣው ጫፎቹን ወደ እኛ የሚያመጣልን ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የአንድ ሲኒ ቁመት! ሲኒማ ቤት ያለው የጎበጠ ስክሪን እኮ ወርዱ በብዙ ሜትር የሚቆጠር ነው። በ1952 ኒው ዮርክ ላይ የታየው ሲኔራማ በሦስት ፕሮጀክተር 146 ዲግሪ በሚያህል ቅስት ላይ ይረጭ ነበር፤ እዚያ ሰው በእርግጥ ይከበባል። የ1 ሜትር ከ44ቱ ጉብጠት ግን ከማቀፍ ይልቅ ትከሻ መታ አድርጎ ማለፍ ነው።

ፍትሐዊ እንሁን። ለጎባጣው የሚመሰክርም ነገር አለ። አንደኛ ያምራል፤ ጠፍቶ እንኳ ያምራል፤ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ሲል ቤቱን ያስከብራል። ሁለተኛ፣ የእኛው ጎባጣ 65 ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መመሪያ ስክሪኑ ከዓይናችን ፊት 30 ዲግሪ ያህል ይያዝ ይላል። ይህም ለ65 ኢንች 2.7 ሜትር፣ ለ55 ኢንች ደግሞ 2.3 ሜትር ርቀት ማለት ነው። የሶፋችን ርቀት ስንት ነበር? 2.7! በቁጥሩ ከሄድን 65ቱ ለእኛ ሳሎን ልኩ የተሰፋ ነው። መሀል ላይ ለተቀመጠ ሰው።

እና እኛ ቤት መሀል ላይ ማን ነው የሚቀመጠው?

ይሄን ጥያቄ እስክንጠይቀው ድረስ ሳሎናችንን አይተነው የምናውቅ አይመስለንም። እስቲ የእናንተንም ቤት እያሰባችሁ ተከተሉን። ቴሌቪዥኑ ቡፌው ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ባለ ሦስቱ ሶፋ። ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው ባለ አንዶቹ፣ ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን እርስ በርስ። የአበሻ ሳሎን የተሠራው ሰው ሰውን እንዲያይ ነው፤ ቴሌቪዥኑን ሁሉም አንገቱን አጥፎ ነው የሚያየው። የባለ ሦስቱ መሀል የእንግዳ ነው። "ኧረ እዚህ ጋ! ወደ መሀል! እንዴት ጥግ ላይ!" ተብሎ እንግዳ ተገፍቶ የሚሰየምበት። አባታችን በሕይወት ሳለም የሚቀመጠው በስተቀኝ ያለችው ባለ አንድ ላይ ነበር፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ጋዜጣውን በብርሃን ለማንበብ። እኛ ሦስታችን አንዱ ጥግ፣ አንዱ ምንጣፍ ላይ፣ አንዷ የሶፋው ክንድ ላይ።

እናታችንስ? እማዬ በሩ አጠገብ ናት። ዱካዋ ላይ፣ ከረከቦቱ ጀርባ፣ አንድ ጆሮዋ ወጥ ቤት፣ አንድ ጆሮዋ ቴሌቪዥኑ ላይ። ለካነው። ከቴሌቪዥኑ መሀል መስመር ወደ ጎን 1.5 ሜትር፣ ወደ ፊትም 1.5 ሜትር። ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ነው። በዚያ ላይ ዱካ ነውና ከሁላችንም ዝቅ ብላ ወደ ላይ ቀና እያለች ነው የምታየው። እዚያ ቦታ ሆና ነው በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ከተከፈተ ወዲህ ያሉትን በአማርኛ የተተረጎሙ ድራማዎች የጨረሰችው። እዚያው ሆና ነው የበዓል ፕሮግራም የምታየው። ቡና አፍልታ ለአሥር ሰው ስታዞር ደግሞ አታይም፤ ትሰማለች።

ጎባጣ ስክሪን ለዚህ ቦታ ምን ይሠራል? 4.2 ሜትር ሬዲየስ ያለው ባለ 65 ኢንች እያንዳንዱ ጫፉ ወደ መሀል በ10 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ወደ መሀል ዞረ ማለት በጎን ከተቀመጠው ሰው ዞረ ማለት ነው። ከእናታችን ጋር የሚዋሰነው ጫፍ በእሷ ላይ ፊቱን ያዞርባታል። ሩቁ ጫፍ ደግሞ ይቀርባታል። አንዱ ጎን ይጠባል፣ አንዱ ጎን ይሰፋል። ሥዕሉ አይጠፋባትም፤ ማጋነን አንፈልግም። ግን መሀል ላለው ሰው የተሰጠችው ያቺ 6 ሳንቲ ሜትር የተወሰደችው ከእሷ ነው።

በዚህ ላይ ብርሃን አለ። የእኛ ቤት በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። ዝርግ ስክሪን ላይ የበሩ ብርሃን ሲያንጸባርቅ በር መስሎ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ጎባጣው ላይ እንደ ማንኪያ ሆድ ይለጥጠዋል። በመገናኛው ሱቅ ውስጥ የጣሪያው አምፖል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጎትቶ እንደ ነጭ ነጠላ ጥለት ተዘርግቶ አይተነዋል። ደግሞ ግድግዳ ላይ እንስቀለው ብንል ሁለት ክንፉ ወደ ሳሎኑ ይወጣል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው" ይላል የአገሬው ሰው። ቴሌቪዥን እኛ አገር ከመጀመሪያውም የሃምሳ ሰው ነገር ነው። ሥርጭቱ ሲጀመር በ1957 ዓ.ም.፣ ቀለም ሲገባም በ1977 ዓ.ም. (ሁለቱም የእኛው)፣ ባለ ቴሌቪዥን ቤት ጥቂት ነበር። ታላላቆቻችን ሲያወሩ የሰማነው ሁሉ ስለ ጎረቤት ቤት ነው፤ ስለ መስኮት፣ ስለ ምንጣፍ፣ ሳንቲም ከፍሎ ስለ መግባት። ዛሬም ትልቅ ጨዋታ ያለ ቀን እኛ ሳሎን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ይቆጠራል። ከአሥራ አንዱ መሀል ላይ የሚሆነው አንድ ነው። እሱም አንዳንዴ የሌላ ቡድን ደጋፊ ነው!

ታዲያ ዝርግ ስለሆነ ብቻ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። ሱቅ ውስጥ ያየነው ይሄን ነው። አንድ ዘዴ ፈጠርን፤ ሱቅ በገባን ቁጥር አንዳችን ከቴሌቪዥኑ ወደ ጎን አንድ ሜትር ተኩል ሄዶ ቁጢጥ ይላል። እናታችንን ሆኖ ማለት ነው። ሻጮቹ መጀመሪያ ዕቃ የወደቀን መሰላቸው። አንዱማ "ምን ጠፋህ ወንድሜ?" ብሎ አብሮ ቁጢጥ አለ። ነገር ግን ከዚያ ቦታ ስታዩት ከፊት ለፊት እኩል የነበሩት ቴሌቪዥኖች ይለያያሉ። አንዳንዱ ዝርግም ከጎን ፊቱ ይነጣል፤ ጥቁሩ አመድ፣ የሰው ፊት የታመመ ይመስላል።

ምክንያቱ የውስጡ ፓነል ነው። ኤልሲዲ ሁለት ዋና ዘር አለው። ቪኤ የሚባለው ከፊት ለፊት ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ከጎን ግን ቀለሙ ቶሎ ይሸሻል። አይፒኤስ የሚባለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ከጎን ግን ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ገበያው ላይ የነበሩት ጎባጣ ኤልሲዲዎች በብዛት ቪኤ ስለነበሩ በጎን ለሚቀመጥ ሰው ጉዳቱ ድርብ ነበር። ኦሌድ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ከጎንም ያምራል፣ ጥቁሩም ጥቁር ነው። ግን ውድ ነው፣ በዚያ ላይ አንድ ጣቢያ ጠዋት ተከፍቶ ማታ የሚዘጋበት ቤት ውስጥ የጣቢያው አርማ በጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ ጥላውን ጥሎ ሊቀር ይችላል። እኛ ቤት ደግሞ ሪሞቱ ከጠፋ ሦስት ቀን አንድ ጣቢያ ነው። ስለዚህ ለሳሎን፣ ለብዙ ሰው፣ በር ክፍት ሆኖ በቀን ለሚታይ ነገር አይፒኤስ ዝርግ ይሻላል አልን። ካርቶኑ ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም። ቁጢጥ ማለት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሐሳባችን እዚህ ከደረሰ በኋላ ጎባጣውን ያቆሙትን ሰዎች ራሳቸውን ማየት ጀመርን። ከጎባጣው በፊት በመነጽር የሚታየው ስሪ ዲ ነበር፤ በ2010 ያለ እሱ ቤት ቤት አይደለም ተባለ፣ በ2017 ኤልጂና ሶኒ ሳይቀሩ ተዉት። ቤተሰብ ተሰብስቦ መነጽር ሲከፋፈል አይታያችሁም? ጎባጣውም በዚያው መንገድ ሄደ። ሙሉ በሙሉ ግን አልሞተም፤ ቦታውን አገኘ። በ2020 ሳምሰንግ ያወጣው ኦዲሲ ጂ9 የሚባል ባለ 49 ኢንች የኮምፒውተር ስክሪን ሬዲየሱ 1 ሜትር ነው። አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ጌም ሲጫወት ከስክሪኑ የሚርቀውም ያንኑ ያህል ነው። እዚያ መሀል ላይ ማን ይቀመጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወንበሩ አንድ ነው። ኤልጂ በ2022 ያሳየው ፍሌክስ የተባለ ባለ 42 ኢንች ኦሌድ ደግሞ ሪሞት ሲነኩት ይጎብጣል፣ ሲነኩት ይዘረጋል። እኛ እንደገባን፣ ብቻህን ስትሆን ጎብጥ፣ ሰው ሲመጣ ተዘርጋ ማለት ነው። የተማረ ቴሌቪዥን!

የቀረን ከባዱ ነገር ታላቃችንን ማሳመን ነበር። የላከችው ገንዘብ የላቧ ነው፤ ያለችውን ትተን ሌላ መግዛት ቀላል አይደለም። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ሜትሩን፣ ሲኒውን፣ ፓነሉን በየተራ ዘረዘርንላት። ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ፣

"ማዳም ቤት ያለው እሱ ነው" አለች። "በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ ውሃ አይነካውም። ሦስት ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን ፊቱ ተቀምጬ አላውቅም። እማዬ መሀሉ ላይ ትቀመጥ ብዬ ነው።"

እኛ ስለ ዲግሪ ስናወራ የነበርነው ሦስት ሰዎች ምን እንበል? ከመካከላችን ታናሿ ናት የመለሰችላት።

"አትቀመጥም እኮ፣ እትዬ። ታውቂያታለሽ።"

መስመሩ ጸጥ አለ። ኔትወርክ መስሎን "ሄሎ? ሄሎ?" አልን። ለካ እየሳቀች ነው። "አሁንም ዱካው ላይ ናት?" አለች። አዎ አልናት። "በሩ ጋ?" አዎ። "በቃ እንግዲህ ከዚያ የሚታየውን ግዙ" አለች። ትንሽ ቆየት ብላ ደግሞ "ግን 55 አያንስም?" አለች፤ ታላቅ ታላቅ ነው።

አያንስም። ለባለ ሦስቱ ሶፋ ትንሽ ይርቃል እንጂ ለምንጣፉ፣ ለባለ አንዶቹና ለዱካው ይበቃል። እናታችንን እራሷን ጠይቀናታል፤ "እኔ ምኑን አውቄ ልጆቼ፣ ድምፁ ብቻ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ" ነው ያለችን። ይሄም ቀላል ነገር አይደለም። ቀጭን ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማጉያቸው ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹም ድምፁን የሚያወጡት ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው። ሱቅ ውስጥ ከጎን ቁጢጥ ካላችሁ በኋላ በሩ ድረስ ሄዳችሁ ዜናው ይሰማችሁ እንደሆነ አዳምጡ።

እኛ አዲሱን ባለ 55 ዝርግ ከነስታብላይዘሩ ገዛን። የኮረንቲውን ጸባይ ታውቁታላችሁ፤ ስታብላይዘሩን የምናተርፍበት ብልሃት የለም። የቡፌው የቴሌቪዥን ቦታ ለ21 ኢንች የተቆረጠ ስለነበር አናጢ ጠርተን መሀሉን አስነሳን፤ ሰባራ ሰንጥር ብርጭቆዎቹ ወደ ላይ ተሰደዱ። ያገለገለውን ጎባጣ የተውነውም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ብቻዋን የምትኖር፣ ወይም ከባሏ ጋር ሁለት ሆና ሶፋ ላይ የምትሆን፣ መጋረጃዋን ዘግታ ማታ ፊልም የምታይ ካለች፣ የተፈተሸ ጎባጣ በጥሩ ዋጋ ካገኘች፣ በደስታ ትግዛው። ብቻ የቆየ ሞዴል ከሆነ አንዳንድ አፕሊኬሽን ሊያቆምባት እንደሚችል፣ ስክሪኑ ከተሰበረም ከገበያ ለወጣ ዕቃ መለዋወጫ ማግኘት ከዓመት ዓመት እንደሚከብድ አውቃ ትግባ።

ለሌሎቻችሁ የምንመክረው ግን አጭር ነው። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሳሎናችሁን ሳሉት። ማን የት እንደሚቀመጥ ስሙን ጻፉ። ከዚያ ከሁሉ ይበልጥ ጥግ የያዘውን ሰው ፈልጉ፤ ሜትሩን ከእሱ ወይም ከእሷ ጀምራችሁ ዘርጉ። ሻጩ "መሀል ላይ ሆናችሁ እዩት እንጂ!" ካላችሁ አመስግናችሁ ወደ ጎን ሂዱ፤ ቁጢጥም በሉ። መሀል ላይማ ሁሉም ያምራል።